ከዱባይ ቶኪዮ፦ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ

በረራ ዕቅድ ላይ ነው የምሠራው። በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝን እዚሁ ጠይቁኝ፣ ለሁሉም ይጠቅማል።

ሰላም፦ ርቀቱ ስንት ነው? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?

መልስ፦ በአጭሩ መንገድ 7,900 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲሄድ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 10፣ ሲመለስ 11 ሰዓትና ከዚያ በላይ።

ዳዊት፦ መንገዱ ያው አይደል እንዴ ጋሼ? ሲመለስ ለምን ይረዝማል?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚገሰግስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ ጄት ስትሪም ይባላል። በታኅሣሥና በጥር ጃፓን ላይ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። አውሮፕላን በሰዓት 900 ገደማ ይበርራል። ወደ ቶኪዮ ሲሄድ ነፋሱ በ100 ከኋላ ቢገፋው 1,000 ይሆናል፤ ሲመለስ ከፊት ቢገጥመው 800 ይቀራል። በዚህ ርቀት ልዩነቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ነፋስ በ1920ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ ቀድሞ የለካው ጃፓናዊው ዋሳቡሮ ኦይሺ ነው። ታቴኖ በሚባል ቦታ ፊኛ እየለቀቀ አካሄዱን ይከታተል ነበር። ውጤቱን ለዓለም መግባቢያ ተብሎ በተፈጠረው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ስላሳተመው ከጃፓን ውጭ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በጣም ያሳዝነኛል።

ጌች፦ ስንት ሰዓት ነው የሚፈጀው?

መልስ፦ ከላይ አለ። አንብብ።

ሜሮን፦ ትኬቴ መነሻ 02:40፣ መድረሻ 17:20 ይላል። 14 ሰዓት ከ40 እኮ ነው!

መልስ፦ ትኬት ላይ ያለው የየከተማው ሰዓት ነው። ቶኪዮ ዱባይን በ5 ሰዓት ትቀድማለች፤ 5 ቀንሺ፣ 9 ሰዓት ከ40። ደግሞ 02:40 በኛ ከሌሊቱ 8:40 ነው። ቀኑ ሰኞ ከሆነ ከቤትሽ የምትወጪው እሁድ ማታ ነው። ሰው በዚህ ምክንያት በረራ ያመልጠዋል፣ አደራ!

ቢኒ፦ በሕንድ በኩል ቀጥ ብሎ ለምን አይሄድም?

መልስ፦ ጠፍጣፋ ካርታ ያታልላል። ሉል ላይ ክር ወጥር፣ ወደ ሰሜን ቻይና ይጎብጣል። ቲቤት ላይ ደግሞ እንደልብ አይበረርም። የመንገደኞቹ ክፍል አየር ቢያጣ፣ መተንፈስ እንዲቻል አብራሪው ወደ 3,000 ሜትር ገደማ መውረድ አለበት፤ እዚያ ግን መሬቱ ራሱ ከ4,000 ይበልጣል።

ዮናስ፦ ከአዲስ በኢንቾን (ደቡብ ኮሪያ) በኩል ናሪታ (የቶኪዮ አየር ማረፊያ) መሄድ ይሻላል።

ሄለን፦ ሰዎቹ ያሉት ዱባይ ነው! ወደ ኋላ ይብረሩ?

ዮናስ፦ ቤተሰብ ጠይቆ ለሚያልፍ ነው ያልኩት።

ሄለን፦ እንደሱ ብለህ አልጻፍክም።

መልስ፦ ለብቻችሁ ተነጋገሩበት። ከዱባይ ለሚነሳ መንገዱን ያበዛል፣ አለቀ።

ሰላም፦ ቪዛስ?

መልስ፦ ኤምባሲውን ጠይቂ።

ሜሮን፦ ናሪታ ወይስ ሃኔዳ?

መልስ፦ ሃኔዳ ከተማው ውስጥ ነው። ናሪታ ከመሀል ቶኪዮ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ዋጋው ከተቀራረበ ሃኔዳ።

ጌች፦ የኔ መመለሻ 22:30 ተነስቶ 04:45 ዱባይ ይገባል። 6 ሰዓት ከ15 ብቻ?

መልስ፦ የየከተማው ሰዓት ነው አልኩ እኮ! ስትመለስ 5 ደምር። 11 ሰዓት ከ15።