ከቺፑ በፊት ሙቀት መለኪያውን

«ያገለገለ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ፒክአፕ አለኝ። ገንዘቤ ትንሽ ነው። ጉልበት ለመጨመር በቺፕ ልጀምር ወይስ በማርሚታ?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ በሁለቱም አትጀምር። እኔ በቺፕ ጀምሬ ሞተር አስወርጃለሁ። መኪናህ ጭነት የሚይዝ፣ ዳገት የሚወጣ ነው ብዬ ነው የምጽፍልህ። ለታይታ ከሆነ ሌላ ሰው ይምከርህ።

1. መጀመሪያ የጠፋውን ጉልበት ፈልግ። የአየር ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ከዚያ በቱርቦውና አየሩን በሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር መሃል ያሉት የጎማ ቱቦዎች። የኔ ቱቦ ከሥር በኩል፣ ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ዝም ብለህ ስታየው ደህና ነው። በእጅህ ስትጠመዝዘው ነው አፉን የሚከፍተው። ዙሪያው በዘይት ጠቁሯል። ቱርቦው የሚገፋው አየር በዚያ ሾልኮ ይወጣል። ይህን ያየሁት ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

2. ቺፕ የሚሉት ሳጥን ምን እንደሚሠራ እወቅ። ርካሾቹ አብዛኞቹ ሥራቸው መዋሸት ነው። ኮመን ሬል ሞተር ላይ (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቱቦ የሚከፋፈልበት ማለት ነው) ናፍጣው ወደ ሲሊንደር ወደሚረጨው ኢንጀክተር የሚሄድበትን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለ። ሳጥኑ መሃል ይገባና ለኮምፒውተሩ «ግፊቱ አንሷል» ይለዋል። ኮምፒውተሩም አምኖ ይጨምራል። ናፍጣው በዛ። አየሩስ? እኔ ጋ ያለውም በቱቦው እየሾለከ ነበር።

አልዋሽህም፣ የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል። ነዳጅ ስትሰጠው ጀርባህ ወንበሩ ላይ ይለጠፋል። ከኋላ ጥቁር ጭስ ሲወጣ «ጉልበት ማለት ይሄ ነው» ብዬ ጓደኛዬን ቪዲዮ አስቀረጽኩት። ጥቁር ጭስ እኮ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ገንዘቤ ሲጨስ ነው ያስቀረጽኩት።

3. ፍሪሲዮን። ወጪህን ስታሰላ እሱንም ከቺፑ እኩል ጻፈው። ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ በአራተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር እየሄድክ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስጠው። ዙሩ ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የኔ በሦስተኛው ሳምንት መሽተት ጀመረ። አስቀየርኩት። ከቺፑ ሦስት እጥፍ ወጣብኝ። ያኔ እንኳ ነቅቼ ቢሆን!

አልነቃሁም። ጭኜ ረጅም ዳገት ወጣሁ። የሙቀት ሰዓቱ መሃል ላይ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ያታለለኝ እሱ ነው። ሰዓቱ የሚያሳይህ የውሃውን ሙቀት እንጂ ከሲሊንደር የሚወጣውን የጭስ ሙቀት አይደለም። ናፍጣ በዝቶ አየር ሲያንስ ጭሱ ይግላል። የኔ ፒስቶን ደግሞ አልሙኒየም ነው። ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አቁሜ የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ጭስ ፊቴ ላይ ቡፍ አለ። ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ወርዶ ሲታይ የሦስተኛው ፒስቶን ጠርዝ ቀልጧል። አይጥ የበላው ነው የሚመስለው።

ሳጥኑን ይዤ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ከስልኩ ቀና ሳይል «ሞተርህ አሮጌ ነው» አለኝ። ሲሸጥልኝ ግን «ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ነው የተሠራው» ብሎኝ ነበር። ዋስትናውን ሳወጣ በጣቱ ከታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየኝ። ሞተር ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም ትላለች። መነጽር ይዘህ ሂድ።

አሁን ብጀምር ከጥገናው ቀጥሎ የምገዛው የጭስ ሙቀት መለኪያ ነው። ሴንሰሩ ከቱርቦው በፊት፣ ጭሱን ከሲሊንደሮቹ በሚሰበስበው ማኒፎልድ ላይ ይገባል። ከቱርቦው በኋላ ካስገባኸው ዝቅ አድርጎ ያሳይሃል፣ ቱርቦው ሙቀቱን ይቀንሰዋልና። ሲበሳ ማኒፎልዱ ይውረድ። መካኒኬ «ምን ያስወርዳል፣ እዚያው እንበሳዋለን» ሲል ተጨቃጨቅን። የብረት ፍቅፋቂ ቱርቦው ውስጥ ከገባ ሌላ ወጪ ነው። አወረደው። እኔ ጭኜ ስወጣ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ከተጠጋ ነዳጅ እቀንሳለሁ፣ ማርሽ አወርዳለሁ።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን ለአንተ መኪና የሚያስተካክል ሰው ፈልግ። ጭነህ አብሮህ መንገድ ካልወጣ፣ መለኪያውን ካላየ ተወው። ማርሚታው ይቆይህ። ትልልቅ ጎማም ይቅርብህ። የጎማው ቁመት በ10 በመቶ ሲጨምር ማርሹ ሁሉ በዚያው ልክ ይከብዳል፣ የገዛኸውን ጉልበት ጎማው ይበላዋል።

ያንኑ ዳገት ባለፈው ወር ጭኜ ወጣሁት። 640 ዲግሪ፣ ጭስ የለም። ከኋላዬ የነበረው መኪና ጥሩምባ እየነፋ ቀረ።

ነገ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቱቦውን ጠምዝዝና ፎቶውን ለጥፍልኝ። ከሥር በኩል።