ሁለት ገጽ ሚና ለደረሳት ልጄ

ልጄ፣

«የደረሰኝ ሁለት ገጽ ነው፤ ልተወው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጥያቄሽ የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ። ስንቱን ተማሪ «በትንሽ ሚና አትታይ፣ እዚያው ትቀራለህ» ብዬ መክሬያለሁ! የአሜሪካዊውን የፊልም ተዋናይ የጂን ሃክማንን የሥራ ሕይወት ቀድሜ በቅጡ አጥንቼው ቢሆን ይህን ባላልኩ ነበር።

ሃክማን በ1964 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) «ሊሊዝ» በተባለ ፊልም ላይ አንድ ትዕይንት ብቻ ነበረው። ያን ጊዜ 34 ዓመቱ ነው። አብሮት የተጫወተው ዋረን ቢቲ ግን ያቺን ትዕይንት አልረሳትም። ፕሮዲዩሰር ሆኖ «ቦኒ ኤንድ ክላይድ»ን ሲሠራ ራሱ ክላይድን ተጫወተ፤ የክላይድን ወንድም ሚና ለሃክማን ሰጠው። ፊልሙ በ1967 ወጣ፤ ሃክማንም ለመጀመሪያ ጊዜ ለኦስካር ታጨ። በዚያው ዓመት «ዘ ግራጁዌት» ላይ ገና ልምምድ እያለ ተሰናብቷል። የጎልማሳ አባት ሚና ነበር፤ ለዚያ ሚና ዕድሜው ገና ነበር። ዛሬ አንድ ኦዲሽን የወደቀ ልጅ «ጠልተውኝ ነው» ይላል። አንዳንዴ መልክና ዕድሜ ብቻ ነው የማይገጥመው።

በ1971ዱ «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» የምርጥ ተዋናይ ኦስካር ካገኘ በኋላስ? በ1974 «ያንግ ፍራንከንስታይን» በተባለ ኮሜዲ ላይ አንድ ትዕይንት ያለው፣ ቤቱ የመጣውን ጭራቅ በእንግድነት የሚቀበል ዓይነ ስውር መናኝ ሆነ። ደጋግመሽ እዪው። ሳህኑን ስቶ ትኩስ ሾርባ እንግዳው ጭን ላይ ያፈሳል፤ ጽዋ ሲያጋጭ የእንግዳውን ኩባያ ይሰብራል፤ ሲጋር የለኮሰ መስሎት የእንግዳውን አውራ ጣት ያቃጥላል። እሱ ግን አንዴም ሊያስቅ አይሞክርም። የሚጫወተው ብቸኝነት የጎዳው ሰው እንግዳ ሲያገኝ የሚሰማውን ደስታ ነው፤ ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ደስታው የውሸት ቢሆን ኖሮ ሰው የሚስቀው በዓይነ ስውርነቱ ይሆን ነበር፤ ያ ደግሞ ያስቀይማል።

እናንተ የዛሬ ልጆች የራሳችሁን ቃለ ተውኔት በቀለም አስምራችሁ የቀረውን ሳታነቡ ቀረጻ ትመጣላችሁ። ሙሉውን ስክሪፕት አንብቢ። ከዚያ ገጸ ባሕርይሽ ከፊቷ ካለው ሰው የምትፈልገውን አንድ ነገር ያዢ፤ አንድ ብቻ። ጀማሪ ለቅሶውንም ጩኸቱንም ሁለት ገጽ ውስጥ ሲያጭቅ ትዕይንቱን ከዋናው ተዋናይ ይነጥቃል፤ ታሪኩ እንዳይጎተት ሲባልም ኤዲቲንግ ላይ ይቆረጣል።

ያገኘሽውን ሁሉ ተቀበዪ አላልኩም። ሚናው ቢወጣ ታሪኩ ምንም የማይጎድለው ከሆነ ተዪው። በዚህ መለኪያ ግን የመናኙም ትዕይንት ሳይወድቅ አይቀርም፤ እንግዲህ አንቺው መዝኚው።

የላክሽልኝን ገጽ አንብቤዋለሁ። የምትጫወቻት ባለሱቅ ለሰውዬው ዱቤ የለም ከማለቷ በፊት ደብተሯን ትግለጥ፤ የሰውዬውን ስም በጣቷ እየፈለገች ታግኘው፤ ያለበትን ዕዳ ዝም ብላ ታንብበው፤ ከዚያ ቀና ብላ ትየው።