የቮልስህ ሚኒሞ በዚያች ቪቴ አይስተካከልም

ከአዘዞ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ችግርህን አጠር አድርጌ ልድገመው። መኪናህ 1600 ሞተር ያለው አሮጌ ቮልስ ነው። ጠዋት ይነሳና ወዲያው ይሞታል። ጋራዥ ስትወስደው ሚኒሞውን፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ አደረጉልህ። አሁን ጠዋት ትንሽ ተሽሎታል፤ ሲሞቅ ግን ይጮሃል። ቁልፉን ዘግተህም ሞተሩ ቶሎ አይጠፋም።

የነኩት ቪቴ (ብሎን) ትክክለኛው አይደለም። ይህን ስህተት ብዙ ቮልስ ላይ አይቻለሁ። ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል፤ ስንት ደህና ካርቡራተር (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) በዚህ ምክንያት “አለቀለት” ተብሎ ተጥሏል።

ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ካርቡራተር ላይ፣ የነዳጅ መስጫው ክንድ ላይ ያለችው ቪቴ ጫፏ የሚያርፈው ደረጃ ደረጃ ባለው የቾክ ብረት ላይ ነው፤ ቾክ ማለት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን ቀንሶ ነዳጁን የሚያበዛው ነው። ሥራዋ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሚኒሞውን ከፍ ማድረግ ነው። እሷን ካጠበቅካት፣ በፔዳሉ የሚከፈተው የታችኛው ክዳን ሁልጊዜ ገርበብ ብሎ ይቀራል። ሲሞቅ የሚጮኸውም፣ አልጠፋም የሚለውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የቫልቩን ክፍተት አስለካ፤ በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊሜትር። የፑንቲናው (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው መገናኛ) ክፍተትም 0.4 ይሁን። እነዚህ ሳይስተካከሉ ካርቡራተር መነካካት ልፋት ነው።

ቀጥሎ ቾኩ። ሞተሩ አድሮ እንደቀዘቀዘ የአየር ፊልትሮውን አውርድ። የነዳጅ ክንዱን ሳብ ስታደርገው ከላይ ያለችው የቾክ ክዳን መዘጋት አለባት። ካልተዘጋች ክቡን የቾክ ሽፋን የያዙትን ሦስት ቪቶች አላላ። ውስጥ ያለው ሞላ ክንዷን በትክክል መያዙን እይ፤ ብዙ ጊዜ ሲገጠም ይስታል። ከዚያ ክዳኗን እያየህ ሽፋኑን ቀስ ብለህ አዙር። ልክ ስትዘጋ አቁም፣ ቪቶቹን አጥብቅ። ጎንደር ከባህር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ነዳጁ በራሱ ይበዛል። ስለዚህ እኔ እዚህ ትንሽ ላላ አድርጌ ነው የምተወው። ካንዴላው ጥቀርሻ ከለበሰና ጥቁር ጭስ ከወጣ፣ ቾኩ ጠብቋል ማለት ነው።

አሁን ሞተሩን አስነሳ። ቾኩን የሚያሞቀው ከኮይሉ (ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው) ፕላስ የሚመጣው ሽቦ ነው። በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ክዳኗ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ካልቆመች ሽቦውን መርምር፤ ኤሌክትሪክ እየደረሰው ከሆነ የተቃጠለው ማሞቂያው ነው።

ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ያቺን የተነካካች ቪቴ ከብረቱ እስክትለቅ አላላት። መልሰህ ልክ እስክትነካ አስገባት፣ ከዚያ ሩብ ዙር ጨምር። በቃ፣ ሁለተኛ አትንካት።

ሚኒሞው የሚስተካከለው ካርቡራተሩ ጎን ባሉት ሁለት ቪቶች ነው። ትንሿን ሳታስጨንቅ እስከ መጨረሻው አስገባና ሁለት ዙር ተኩል መልሰህ አውጣ። በትልቋ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 850 ዙር አምጣው። ከዚያ ትንሿን ወዲህ ወዲያ እያደረግህ ሞተሩ ከሁሉ በላይ የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልግ። እዚያ ላይ በጣም ትንሽ፣ ድምፁ ዝቅ ማለት እስኪጀምር ብቻ አስገባት። በትልቋ ደግሞ 850 ላይ መልሰው።

ጠዋት ስታስነሳ ፔዳሉን አንዴ እስከ ታች ረግጠህ ልቀቅ፤ ቾኩ የሚዘጋው ያኔ ነው። ከዚያ ቁልፉን አዙር።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ቾክ በኤሌክትሪክ ስለሚሞቅ የሞተሩን ሙቀት አይጠብቅም። ቾኩ ተከፍቶ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ከሦስት ደቂቃ በኋላ መንገድ ላይ ያንቀዋል። ያኔ ቾኩን እንዳታጠብቀው። ከካርቡራተሩ ሥር ካለው ማኒፎልድ (ነዳጅና አየሩን ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው ቧንቧ) ጋር የተያያዘች፣ ከጭስ ማውጫው ሙቀት የምታመጣ ቀጭን ቧንቧ አለች። አሥር ደቂቃ ከነዳህ በኋላ በሁለቱም በኩል እጅህን ጠጋ አድርግባት። ካልጋለች በጥቀርሻ ተደፍናለች፤ ማኒፎልዱ ወርዶ ይጠረግ።