ዛቡን ለያዛችሁ ልጆች

ባለፈው እሁድ አመሻሽ ላይ ኮምቦልቻ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ባጃጅ እጠብቅ ነበር። ሁለት ልጆች ባዶ ጋሪ ይዘው ጎን ለጎን በሶምሶማ እያስሮጡ አለፉኝ። ተወራርደዋል መሰለኝ፣ ጓደኞቻቸው ከኋላ እየጮሁ ይከተሏቸዋል። አንደኛው ቆሞ ነው የሚነዳው። ጅራፉን ሲያጮኸው መንገደኛው ሁሉ እሱን አየ። እኔ ፈረሱን አየሁ። ግራ የፊት እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል። ቀኙ ሲያርፍ ዝቅ ያደርገዋል። ግራ እግሩን አሞታል ማለት ነው። ክብደቱን ከሚያመው እግር ላይ ለመቀነስ ብሎ ነው ጭንቅላቱን የሚያነሳው። ልጁ ከኋላው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ይህን አላየም።

ልጣራ አልኩና ተውኩት። በዚያ ጩኸት ማን ይሰማኛል? ደግሞ ሽማግሌ መንገድ ላይ ሲቆጣ ወጣት እልህ ይይዘዋል። እልሁን የሚወጣው በፈረሱ ላይ ነው። እቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

እኔ ደብረ ዘይት የእንስሳት ጤና ተምሬ፣ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ወሎ ውስጥ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። አቀስታ ብርድ ላይ አድሬያለሁ። ባቲ የሰኞ ገበያ ግመል መሀል መርፌ ይዤ ቆሜያለሁ። ብዙ እንስሳ በእጄ አልፏል፣ ልቤ ያለው ግን ፈረስ ላይ ነው።

የልጅ ልጄ በስልኩ የውጭ አገር የጋሪ ውድድር ያሳየኛል። አሜሪካም አለ፣ ስዊድንም፣ ፈረንሳይም። ጋሪው እንደኛው ባለ ሁለት ጎማ ነው፣ ግን ቀላል፣ አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት። መጀመሪያ ያየሁ ቀን የገረመኝ ፈረሶቹ አይጋልቡም። ሽምጥ ክልክል ነው። ገሚሱ ውድድር በሶምሶማ ነው፣ ገሚሱ ደግሞ የአንድ ጎን እግሮቹን አንድ ላይ እያነሳ በሚሄድ ፈረስ ነው። ይህ እኛ ‹‹ሰጋር በቅሎ›› ስንል ከምናስበው አካሄድ ጋር ይቀራረባል። ፈረሱ በስሜት ተነስቶ ሽምጥ ከወጣ፣ ነጂው ቀደም ቀደም ማለቱን ትቶ ዛቡን መሳብና ወደ ስልቱ መመለስ አለበት። እዚያ ያለው ጥበብ ፈረሱን ማስሮጥ ላይ ሳይሆን ሊሮጥ የፈለገውን ፈረስ በጣት መያዝ ላይ ነው። የዘሩ ስም ራሱ ከዚህ የመጣ ነው። በ1879 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካኖች አንድ ማይል በሶምሶማ በ2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ የሚጨርስ ፈረስ ‹‹ደረጃውን አሟልቷል›› ብለው መመዝገብ ጀመሩ። ስታንዳርድብሬድ የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ስለ ፈረስ ማን ይነግረናል ባዮች ነን። መቅደላ እኛው ዘንድ ነው። እዚያ አምባ ላይ የወደቀው ንጉሥ ሲፎከርለት የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር፣ አባ ታጠቅ ተብሎ። ስማችንን ከፈረስ የተዋስን ሰዎች ነን። ታዲያ አንድ ቀን ጋሪ ተራ ቆሜ አንዱን ልጅ የፈረሱን ስም ጠየቅሁት። ‹‹ኧረ ጋሼ፣ ፈረስ ነዋ! ምን ስም አለው?›› አለኝ። አጃኢብ ነው።

ምክር ከመምከሬ በፊት ግን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ገና ጀማሪ ሳለሁ ነው። ከአቀስታ ወዲያ ባለ አንድ አገር ሰርግ ነበር። በማግስቱ ጉግስ አለ። አንድ የተከበሩ ሰውዬ ዳማ ፈረሳቸውን እየጎተቱ ማታ መጡ። የቀኝ የፊት እግሩ ጅማት ከጉልበቱ በታች አብጧል፣ እጄን ሳስቀምጥበት ይሞቃል። ማረፍ አለበት አልኳቸው። ‹‹ነገ ብቻ ልጄ፣ ነገን ብቻ አሳልፍልኝ›› አሉኝ። ልጃቸው ነው የሚጋልበው፣ እንግዳው ከሩቅ መጥቷል። እኔ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው። እንቢ ማለት ከበደኝ። የህመም ማስታገሻ ወጋሁት።

በማግስቱ ፈረሱ አንካሳ የነበረ አይመስልም። ሴቱ እልል ይላል፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ በሽምጥ መጥቶ ሲዞር ከፊቱ ተደፋ። ልጁ ተንከባሎ ተረፈ። ፈረሱ ተነሳ፣ ግን የቁርጭምጭሚቱ ጀርባ መሬት ነክቷል። ጅማቱ ተበጥሷል። ሦስት እግሩ ላይ ቆሞ፣ አራተኛውን እንደ ገመድ አንጠልጥሎ፣ ከሜዳው ዳር ሳር ሊግጥ ሞከረ። ያን ሳር መጋጡን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሰውዬው መጥተው ትከሻዬን ያዙ። ‹‹አብሽር፣ የአላህ ሥራ ነው›› አሉኝ። ተሳድበው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እኔ የማን ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ህመም ፈረሱ እግሩን እንዲያስታምም ያደርገው ነበር። ህመሙን ዝም አሰኘሁትና በተጎዳ ጅማት አስሮጥኩት።

ይህን ታሪክ ለዓመታት ለማንም አልተናገርኩም። የውጭውን ውድድር ነገር ማንበብ ስጀምር ግን የእኔው ጥፋት እዚያ በትልቁ ተጽፎ አገኘሁት። በመጋቢት 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኒው ዮርክ ላይ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ከሃያ በላይ ሰዎችን ፈረስ በመድኃኒት በማስሮጥ ከሰሰ። የግልቢያም፣ የጋሪ ውድድርም አሰልጣኞች ነበሩበት። የእንስሳት ሐኪሞችም ነበሩበት! አንደኛው ሐኪም በምርመራ እንዳይገኝ ተደርጎ የተሠራ መድኃኒት ሲያቀርብ የኖረ ነው። በ2022 የ11 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሙያዬ ነውና ፍርዱን ሳነብ እኔን የከሰሱኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ከዚያ በፊት ደግሞ የሶዳ ነገር አለ። ለዳቦና ለኬክ የምናደርገውን ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጠው፣ ቱቦ በአፍንጫው እስከ ሆዱ ከተው ለፈረሱ ያጠጡታል። ጡንቻ ሲደክም የሚፈጠረውን አሲድ ይቀንሳል፣ ፈረሱ ድካሙ ይዘገይለታል ተብሎ ነው። ተነቃባቸውና አሁን ከውድድር በፊት ደም ተቀድቶ ይመረመራል። ቱቦው ተሳስቶ ሳንባ ከገባ ፈረሱን ይገድለዋል። የሰው ልጅ ለማሸነፍ የማያስበው ነገር የለም።

አንድ ደንባቸው ግን ደስ ይለኛል። በብዙ ቦታ ፈረሱ ደም ውስጥ የተከለከለ ነገር ከተገኘ ተጠያቂው አሰልጣኙ ነው። ‹‹እኔ አልወጋሁትም፣ ሠራተኛው ነው›› ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ፈረሱ በእጅህ ነበር፣ በቃ።

ይህን ወደ እኛ ጋሪ አምጡት። ብዙዎቻችሁ የምትነዱት ፈረስ የራሳችሁ አይደለም። ባለቤቱ ማታ ገቢ ይቀበላል፣ ፈረሱን አያይም። እናንተ ገቢውን ለመሙላት ትሮጣላችሁ፣ የተረፈው የእናንተ ነው። ፈረሱ ሲቆስል ባለቤቱ ‹‹ልጁ ነው››፣ ልጁ ‹‹ባለቤቱ ነው›› ይላል። ክሊኒክ ላይ ይህን ስንት ጊዜ ሰማሁት! ሁለቱም ቆመው ይከራከራሉ፣ ፈረሱ መሀላቸው ዝንብ እያባረረ ይቆማል። ገቢ ተቀባዮች ይህን ካነበባችሁ፣ ማታ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ጠፍሩን አንሱና ከሥሩ እዩ። ልጁ ፈርቶ አይነግራችሁም።

ስለ ጠፍር ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከጅራፍ ይልቅ ብዙ ፈረስ ያበላሸው እሱ ነው። ናይለን ገመድ፣ የማዳበሪያ ጆንያ፣ የጎማ ቁራጭ ደረቱ ላይ ታስሮ አያለሁ። ላቡ ይደርቃል፣ ጨውና አቧራ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ቀን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። መጀመሪያ ፀጉሩ ይሳሳል። ቀጥሎ ቆዳው ይቀላል። ብዙዎቻችሁ ልብ የምትሉት ሦስተኛው ላይ፣ ደም ሲታይ ነው። ፀጉሩ የሳሳ ዕለት ጥጥ የሞላበት ጨርቅ ከሥሩ ቢደረግ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጠፍሩ ሰፊ ይሁን፣ ማታ ማታ ይታጠብ። ሌላ ፈረስ ላይ የዋለ ጠፍር ሳይታጠብ አትዋሱ። ቁስሉ በር ነው። በእሱ በኩል የሚገባ ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የሚባል የፈንገስ በሽታ አለ። ከቆዳው ሥር እንደ ክር ይወጠርና ክሩ ላይ እንደ ዶቃ እብጠት ይደረድራል። እብጠቱ ይፈርጣል፣ መግል ያወጣል። ዝንብም፣ ጠፍርም፣ የምትጠርጉበት ጨርቅም ያስተላልፉታል። ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው አገር ይመቸዋል። እንደ ኮምቦልቻ ያለ ቦታ ስትሠሩ አትዘናጉ። ሲጀምር ከመጣ የሚድን አለ፣ አካሉን ካዳረሰው በኋላ ግን ስንቱን ሳላድን መልሻለሁ።

ጭነቱንም ሚዛን አስይዙት። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ዕቃው ወደ ፊት ካደላ የፈረሱ ጀርባ ይሸከመዋል። ወደ ኋላ ካደላ እንጨቶቹ ተነስተው ሆዱ ሥር ያለው ማሰሪያ ያንቀዋል። ሲሚንቶ ስትጭኑ አንድ ከረጢት ወዲህ ወይም ወዲያ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ውኃ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው፣ ግን ትረሱታላችሁ። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፣ በሙቀት ሲሠራ ከዚያም ያልፋል። ጠዋትና ማታ ብቻ አጠጥቶ ቀኑን ሙሉ ፉርሽካ የሚያበላ ሰው ቁርጠት እየጋበዘ ነው። ፈረስ ማስመለስ አይችልም። ሆዱ የገባው ነገር መውጫው አንድ ብቻ ነው፣ ከደረቀ ይዘጋል።

የምትወዳደሩ ልጆች፣ አትወዳደሩ አልላችሁም። ወጣት ነበርኩ፣ ደሙን አውቀዋለሁ። ግን አስፋልት ላይ ይቅር። ኮቴውንም ጅማቱንም ይጎዳል፣ መኪናም አለ። ደግሞ ማን ጅራፍ አብዝቶ መታ ሳይሆን ማን ፈረሱን በሶምሶማ ይዞ ዘለቀ በሉት። ሽምጥ የወጣ ወደ ኋላ ይቅር። ይህ የእነሱ ደንብ ነው፣ ለእኛም ይሆናል። ኖርዌይ ውስጥ ለማስሮጥ ብሎ ፈረስ በአለንጋ መምታት ከተከለከለ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ፈረሱ እስካሁን ይሮጣል።

ከእነሱ የማልወድላቸው ነገር ደግሞ አለ። ፈረስ በሁለት ዓመቱ ያወዳድራሉ። በዚያ ዕድሜ አጥንቱ ገና አልጠና፣ የጀርባው አጥንትማ ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ገንዘቡ ትልቅ ስለሆነ ነው እንጂ ማንም ገበሬ ያውቀዋል። እኛም ግን ንጹሕ አይደለንም። ጥርሱን ስከፍት የሁለት ዓመት ተኩል ውርንጭላ ጋሪ ላይ ተጠምዶ አግኝቻለሁ። ‹‹ጠንካራ ነው እኮ ጋሼ›› ይሉኛል።

ሲያረጅስ? አሜሪካ ከጋሪ ውድድር የወጡ ፈረሶች ብዙዎቹ አሚሽ የሚባሉ፣ መኪና የማይነዱ ክርስቲያኖች ይገዟቸውና ቤተሰብ የሚጭን ጋሪ ይጎትታሉ። እኛ ጋ መንገድ ዳር ይለቀቃል። ከደሴ ሐረጎን ስትወርዱ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፣ መኪና ሲመጣ የማይሸሽ ፈረስ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ያ የአንድ ሰው ፈረስ ነበር። ስንት ልጅ እንዳስተማረ እሱ ነው የሚያውቀው።

አንድ ባለጋሪ ግን አውቃለሁ። ፈረሱ አርጅቶበት አዲስ ገዛ፣ አሮጌውንም አልለቀቀውም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ቦርከና ወንዝ ዳር ወስዶ ያስረዋል፣ ማታ ይፈታዋል። ጓደኞቹ ይስቁበታል። ‹‹ድርቆሽ ለጡረተኛ!›› ይሉታል። እኔም ጡረተኛ ነኝና አብሬ እስቃለሁ። አንዳንድ ቀን ሄጄ አጠገቡ እቆማለሁ። ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ቦራ ነው የሚለው። በስሙ ከተጠራ ጆሮውን ያዞራል።