ደመናው ከየት ተለክቶ ነው?

የበረራ አየር ሁኔታ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የበረራ ተማሪ ነኝ። የቦሌ ሜታር (የአውሮፕላን ማረፊያው የአየር ሁኔታ ዘገባ) ደመናው 2,500 ጫማ ላይ ነው እያለ አስተማሪዬ «እንጦጦ ተሸፍኗል፣ በዚያ በኩል አንሄድም» አለኝ። 2,500 ጫማ በቂ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አስተማሪዎ ልክ ናቸው። ሜታር ላይ የሚጻፈው የደመና ከፍታ የሚለካው ከማረፊያው መሬት ተነስቶ ነው። የቦሌ መሬት ራሱ ከባሕር ወለል 7,600 ጫማ ያህል ከፍ ይላል፤ 2,500 ሲጨመርበት የደመናው ሆድ 10,100 ጫማ ላይ ይውላል። የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፣ በጫማ 10,500። ከቦሌ ሲያዩት ደመና የሆነው ነገር እንጦጦ ላይ ለቆመ ሰው ጉም ነው። በኪውኤንኤች (ወደ ባሕር ወለል ተሰልቶ በሚሰጥ የአየር ግፊት) የተስተካከለው የከፍታ መለኪያዎ የሚያሳየው ከባሕር ወለል ያለውን ስለሆነ፣ የሜታሩን ቁጥር ከማረፊያው ከፍታ ጋር ሳይደምሩ አያወዳድሩት።

ሌላም አለ። ሜታር ላይ የሚጻፈው «ፊው» ማለት ከሰማዩ ስምንት እጅ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ተሸፍኗል ማለት ነው። ያቺው አንዷ እጅ ግን ሸንተረሩ ላይ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ሜታር የሚናገረው ስለ ማረፊያውና ስለ አካባቢው ነው፤ ስለ መንገዱ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ታፍ (የማረፊያው የአየር ሁኔታ ትንበያ) ላይ «ቴምፖ 0912/0915» ብሎ ነጎድጓድ ጽፏል። የማርፈው በ9ኛው ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ያገኘኛል?

መልስ፦ ሊያገኝዎት ይችላል። መጀመሪያ ሰዓቱን እንፍታ። 0912/0915 ማለት በ9ኛው ቀን ከ12 እስከ 15 ሰዓት ነው፤ ሜታርም ታፍም የሚጻፉት በዙሉ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው። አገር ቤት በምንቆጥረው ሰዓት ለማወቅ ከዙሉው 3 ይቀንሱ፦ 12 ዙሉ 9 ሰዓት፣ 15 ዙሉ 12 ሰዓት ምሽት ነው። ውጤቱ ከ12 ሲበልጥ 12 ይቀንሱ፣ ከ1 ሲያንስ 12 ይጨምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ስልክዎ አዲሱን የፈረንጅ ቀን ሲያሳይ ዙሉ ገና ከትናንቱ አልወጣም።

ቴምፖ ማለት ለውጡ በመጣ ቁጥር ከአንድ ሰዓት ያነሰ ይቆያል፣ ተደምሮም ከተጻፈው ጊዜ ግማሽ አይሞላም ማለት ነው። ለእርስዎ ሦስት ሰዓት ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ይሆናል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን አይነግርዎትም። «ቴምፖ ነው፣ ያልፋል» ብሎ የመንገዱን ነዳጅ ብቻ ይዞ መነሳት መጥፎ ልማድ ነው። ወይ እስኪያልፍ የሚዞሩበትን፣ ወይ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርስዎትን ነዳጅ ይጨምሩ። የመጨረሻው መጠባበቂያ ነዳጅ ለዚህ የተቀመጠ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከፊታችን የሄደው አብራሪ «መካከለኛ መናጥ» ብሎ ነበር፤ እኛ ግን ክፉኛ ተናጥን። ዋሽቶ ነው?

መልስ፦ የአውሮፕላኑን ዓይነት ጠይቀዋል? ቦይንግ 777 በቀላሉ የሚያልፈው አየር ሴስና 172ን ሊያተራምስ ይችላል። የተሟላ የአብራሪ ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 40 ማይል፣ 1230 ዙሉ፣ ፍላይት ሌቭል 180፣ ዳሽ 8፣ መካከለኛ መናጥ፣ ሙቀት ከዜሮ በታች 6፣ ቀላል ግግር በረዶ»። ፍላይት ሌቭል 180 ማለት 18,000 ጫማ ገደማ ነው፤ ግግር በረዶው አውሮፕላኑ ላይ የሚጋገረው ነው። የአውሮፕላኑ ዓይነት ከተዘለለ የቀረው ግማሽ ወሬ ነው። መለኪያውም ስሜት መሆን የለበትም፦ ቀበቶው ጠበቅ አድርጎ ከያዘዎትና ያልታሰረ ዕቃ ከተንቀሳቀሰ መካከለኛ፣ አውሮፕላኑ ለአፍታ ከቁጥጥር ከወጣ ከባድ ይባላል። ሰላም የሆነ አየርም ሪፖርት ይደረግ፤ ከኋላ የሚመጣው ከፍታ የሚመርጠው በዚያ ነው። ሪፖርት አለመኖሩ ግን መንገዱ ሰላም ነው አያሰኝም። ሁሉም ሸሽቶት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አፋር ውስጥ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሕንድ ውስጥ በረራ ለምን ተሰረዘ?

መልስ፦ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የወጣው አመድ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ በላይኛው ነፋስ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ደረሰ። አካባቢያችንን የሚከታተለው የአመድ ማስጠንቀቂያ ማዕከል ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ነው፤ ሲግሜቱን (ለበረራ አደገኛ የሆነ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያውን) የሚያወጡት ግን የየአገሩ የሜትዎሮሎጂ ክትትል ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ተራ ሲግሜት ቢበዛ 4 ሰዓት ሲያገለግል፣ የአመዱ እስከ 6 ሰዓት ይሄዳል።

አመድ የሚፈራው የአውሮፕላኑ ራዳር ስለማያሳየው ነው፤ ራዳሩ የተሠራው የውኃ ጠብታን ለማየት ነው። ሞተር ውስጥ የገባው አመድ ቀልጦ ተርባይኑ ላይ ይጋገራል፣ ሞተሩም ሊጠፋ ይችላል። ማታ መስኮቱ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየና የድኝ ሽታ ከመጣ፣ የሞተሩን ግፊት ቀንሶ ወደመጡበት መዞር ነው፤ ወደ ላይ ለማምለጥ አይሞከርም፣ ሞተሩ የበለጠ ይግላልና። ከዚያ ወዲያው ልዩ ሪፖርት በሬዲዮ።