ቦረቦርን ስለማዳን፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ (የተፋሰስ ባለሙያ)፦ ዛሬ የምመልሰው ስለ ቦረቦር ነው፤ በተለይ በጎጃምና በጎንደር ደጋ፣ ከተረተሩ ግርጌ ባለው ዋልካ (በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር) መሬት ላይ ስለሚከፈተው። ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉልኝ። ራሱ ላይ፣ ማለትም ቦረቦሩ ከላይ በሚጀምርበት ጫፍ፣ ጥልቀቱ ስንት ሜትር ነው? አፈሩ ምን ዓይነት ነው? ነሐሴ ላይ ግድግዳው ውሃ ያንጠባጥባል ወይስ ደረቅ ነው? ያለ እነዚህ የምሰጠው መልስ ግምት ብቻ ይሆናል።

የቋሪት ልጅ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። በየዓመቱ ጥር ላይ በዘመቻ ቦረቦሩን የሚያቋርጥ የድንጋይ ክትር እንሠራለን፣ ሐምሌ ሳያልቅ ግማሹ ይፈርሳል። ራሱ ላይ 2 ሜትር ተኩል ይሆናል፣ አፈሩ ዋልካ ነው፣ ነሐሴ ላይ ግድግዳው ከግማሹ በታች ያንጠባጥባል። ጥፋቱ የት ላይ ነው?

መላሽ፦ ተባረክ፣ እንዲህ የተጠየቀ ይመለሳል። ጥፋቱ የጀመራችሁበት ቦታ ነው። ቦረቦር የሚሰፋው ራሱ ወደ ላይ እየሸሸ፣ ግድግዳው ወደ ጎን እየተናደ ነው። ክትር የሚይዘው ወለሉን ብቻ ነው። ራሱ እየሸሸ ወለሉ ላይ ድንጋይ ብትደረድሩ ጉልበታችሁ ከንቱ ይቀራል።

ከባሕር ዳር በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደብረ ማዊ የሚባል ተፋሰስ አለ። የባሕር ዳርና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ለዓመታት ሲለኩ የቆዩት እዚያ ነው። ገበሬዎቹ ቦረቦሩ መቼ እንደተከፈተ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ተናገሩ፤ ተመራማሪዎቹ የከርሰ ምድሩን ውሃ ለኩ። ሁለቱ ሲገጣጠም የተገኘው ይህ ነው፦ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ ሲወጣ ግድግዳው ርሶ ይከብዳል፣ ይላላል፣ ይናዳል። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ የተናደውን ጠርጎ ይወስድና ለሚቀጥለው ናዳ ቦታ ያዘጋጃል። የእናንተም ግድግዳ የሚያንጠባጥበው ውሃው ከወለሉ በላይ ስለቆመ ነው።

ራሱን እንዲህ ሥሩ። ጥልቀቱ ከ3 ሜትር በታች ስለሆነ በእጅ ይቻላል። ብር በሚባለው ተፋሰስ ከገበሬዎች ጋር የተሞከረውም በዚህ ልክ ባሉት ላይ ነው፤ የተሠራላቸው ራሶች ቆመዋል፣ ያልተሠራላቸው መሸሻቸውን ቀጥለዋል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ አፈሩ ደረቅ ሳለ፣ ከጫፉ 2 ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ለክታችሁ ምልክት አድርጉና እስከ ሥሩ በሰያፍ ቁረጡት፤ 45 ዲግሪ ማለት ነው። በአንድ ሜትር ስፋት 3 ሜትር ኩብ ያህል አፈር ይወጣል። አፈሩን ወለሉ ላይ እንዳትከምሩት፤ የመጀመሪያው ዝናብ ይዞት ይሄዳል። ከጠርዙ አርቃችሁ በስሱ እየዘረጋችሁ ጠቅጥቁት። ከሰያፉ ሥር 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ትልልቁን ድንጋይ እዚያ ቅበሩ። ቀጥሎ ሰያፉ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጠጠር አልብሱ፤ ከጠጠሩ በላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ድንጋይ እያቆላለፋችሁ አንጥፉ።

ጠጠሩን የምትዘሉ ብዙ ናችሁ። በድንጋዮቹ መካከል የሚወጣው ውሃ አፈር ይዞ እንዳይወጣ የሚያጣራው እሱ ነው። ጠጠር ከሌለ ከኋላ ያለው አፈር በቀስታ ያልቅና ድንጋዩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ከድንጋዩ በላይና በሁለቱም ጎን ቬቲቨር ወይም ደሾ የሚባለውን ሣር በረድፍ ትከሉ፤ በችግኝና በችግኝ መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር። ጊዜው ዝናቡ እንደጸና፣ ሰኔ መጨረሻ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የተተከለው ሥር ሳይሰድ ዋናው ጎርፍ ይደርስበታል።

ሌላም አለ። ዋልካ ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ለመቆፈር አትቸኩሉ። መውጫው በሣር የተሸፈነ ካልሆነ ውሃው በበጋ ስንጥቁ ይገባና አዲስ ቦረቦር ይከፍታል። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ ቅር አይበላችሁ።

አዴት፦ ራሱ ከቆመ በኋላስ ክትር እንሥራ? እኛ ጋ በየ10 ሜትሩ ነው የሚሠራው።

መላሽ፦ አዎ፣ ከዚያ በኋላ ይሠራ። በየ10 ሜትሩ የሚባል ልክ ግን የለም። የክትሩን ቁመት በ1.2 አባዙና በወለሉ ተዳፋት አካፍሉ። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ተዳፋቱ 6 በመቶ ከሆነ 1.2 ለ0.06 ሲካፈል 20 ሜትር ይሆናል። ተዳፋቱ 10 በመቶ ከሆነ 12 ሜትር። ለመለካት ሁለት እኩል ዘንግ፣ 10 ሜትር ገመድና የውሃ ልክ ይበቃል፤ በ10 ሜትር ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ 6 በመቶ ነው።

ቁመቱ ከ1 ሜትር ተኩል አይለፍ። መሠረቱ ግማሽ ሜትር ይቆፈር። ሁለቱም ጫፍ ከ70 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ግድግዳው ውስጥ ይግባ። መሐሉ ከጎኖቹ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ከሥሩም ውሃው የሚያርፍበት የድንጋይ ንጣፍ ይኑር። አናቱ ቀጥ ብሎ የተሠራ ክትር ጎርፉን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ጎርፉ በግድግዳው በኩል ዞሮ ያልፍና ክትሩ ብቻውን መሐል ላይ ተገትሮ ይቀራል። በትግራይ ደጋ ወደ 400 የሚጠጉ ክትሮች ተጠንተው 39 በመቶው በሁለት ዓመት ውስጥ ፈርሰው ተገኝተዋል። ከበላያቸው ያለው የውሃ መሰብሰቢያ መሬት ስፋትና ተዳፋት በጨመረ ቁጥር፣ ደግሞም በዋልካ ላይ ሲሆን፣ መፍረሱ ይብሳል።

ብርሃን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቦረቦር እንዴት ይድናል? መፍትሔ ካለ ቢነግሩን።

መላሽ፦ ከላይ ያለውን ያንብቡ። ጥልቀት፣ አፈር፣ የነሐሴ ውሃ። ሦስቱን ይዘው ይመለሱ።

ሰከላ፦ ግድግዳውን የሚንደው ውሃ ከሆነ፣ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ብንተክል ውሃውን አይመጥልንም?

ደጋ ዳሞት፦ ኧረ ሰከላ! ባሕር ዛፍ ሥር ሣር የት አይተህ ታውቃለህ? ቅጠሉም ለማገዶ ተጠርጎ ያልቃል። መሬቱ ራቁቱን ይቀራል።

ሰከላ፦ ገበሬው የሚተክለው ስለሚሸጥለት ነው። ቬቲቨር አጠና አይሆን፣ ቤት አይሠራበት።

ፋግታ፦ ለገንዘቡማ ዲከረንስ የሚባለው ግራር ነው። እኛ አዊ ውስጥ በ4 እና በ5 ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ችግኙ ሳያድግ በመሐሉ እህል ይዘራል። ጎርፍም ይቀንሳል።

ደጋ ዳሞት፦ በሽታ ከገባበት ወዲህስ? አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ይዞ ሙሉ ወረዳ መሸፈን መጨረሻው ይኸው ነው።

ፋግታ፦ በሽታ የማይገባው ነገር ምን አለ? ስንዴውስ ዋግ ይመታው የለ?

መላሽ፦ የከሰሉን ክርክር ሌላ ጊዜ ቀጥሉበት። ሰከላ፣ ባሕር ዛፍ የከርሰ ምድር ውሃ ዝቅ ማድረጉ እውነት ነው፤ ደጋ ዳሞትም ስለ ሣሩ ያለው እውነት ነው። ስለዚህ ቦረቦሩ ውስጥና ጠርዙ ላይ አይተከል። የረሰረሰ ጠርዝ የዛፍ ክብደት አይችልም፤ ነፋስ ሲያወዛውዘውም ይሰነጠቃል። ውስጡ ሰስባኒያ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ቀርከሃና የዝሆን ሣር ይሁን። የዝሆን ሣር ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ተቆርጦ፣ ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ ገብቶ፣ በሰያፍ ይተከላል። አጠና የፈለገ ከጠርዙ ራቅ አድርጎ ይትከል። ከሁሉ በፊት ግን ራሱ ይቁም።

የገጠር መምህርት፦ ከዩኒቨርሲቲ ይመጣሉ፣ የከርሰ ምድር ውሃ መለኪያ ቱቦ ይቀብራሉ፣ ገበሬውን ሲጠይቁ ይውላሉ፣ ይሄዳሉ። ውጤቱን ያየ ሰው በመንደሩ የለም። ትብብር የሚሉት ይህን ነው?

መላሽ፦ እትዬ፣ አይደለም፣ በዚህም ዝም ማለት የለባችሁም። ቱቦው እኮ ውስብስብ ነገር አይደለም፤ መንደሩ ራሱ ሊለካበት ይችላል። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በእጅ መሰርሰሪያ ከ3 እስከ 4 ሜትር ይቆፈራል፤ ዓለት ካጋጠመ እዚያው ይቆማል። የቱቦው የታችኛው ግማሽ ሜትር በትናንሽ ቀዳዳ ተበስቶ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ታቹ ይደፈናል። በዙሪያው አሸዋ ይሞላል፤ ከላይ ያለው ግማሽ ሜትር ግን የጎርፍ ውሃ በጎን እንዳይገባ በጭቃ ይጠቀጠቃል። 30 ሳንቲ ሜትር ከመሬት በላይ ይቅርና ክዳን ይደረግለት። ክዳን ከሌለው ልጆች ጠጠር ይጥሉበታል፣ ያኔ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። በክረምት ጠዋትና ማታ፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ሜትር እያወረዱ ውሃውን ሲነካ ማንበብ ነው፤ ከንባቡ ላይ ከመሬት በላይ ያለውን 30 ሳንቲ ሜትር መቀነስ አይረሳ።

ጥቅሙ ይህ ነው። ቦረቦሩ 2 ሜትር ተኩል ጠልቆ፣ ውሃው ከመሬት ወለል 1 ሜትር ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ውሃው ከቦረቦሩ ወለል 1 ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ቆሟል ማለት ነው። ያን ሰሞን ግድግዳው ለመናድ ተቃርቧል፤ ከብትም ሰውም ከጠርዙ ይራቅ።

ቱቦው የት ይቀበር የሚለውን ከገበሬው በላይ የሚያውቅ የለም። በሬ የሚሰምጥበትን፣ ኅዳር ላይ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይበትን፣ ሌላው ሲዘራ ዘግይቶ የሚታረሰውን ማሳ የሚያውቀው እሱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ሰው መሥመሩን ከመምረጡ በፊት ከእሱ ጋር ተረተሩን ከላይ እስከ ታች ይሂድ።

ሲመጡ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ንባብ የሚወስደው የመንደሩ ሰው ይከፈለው። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይያዝ፣ አንዱ ቀበሌ ይቀመጥ። ውጤቱ በአማርኛ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ቦረቦሩ አጠገብ ይነገር። ታኅሣሥ ያልኩት የጥር ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት እንዲደርስ ነው፤ መጋቢት ላይ የሚመጣ ውጤት ክትሩ ከተሠራ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ተክለ፦ የቤተ ክርስቲያን ደን ላይስ እንዲህ ያለ ትብብር ይሠራል?

መላሽ፦ መስኬ አይደለም። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር የሠሩትን ተከታተሉ። እዚያ ችግኙን የሚያጠፋው ከብት ነው፤ ከየማሳው በተለቀመ ድንጋይ ዙሪያውን ማጠር ረድቷል።

አዴት፦ ውሃ እንዲያሰርግ የምንቆፍረው ትሬንች በየዓመቱ በደለል ይሞላል፣ ምን ይሻላል?

መላሽ፦ ይጠረግ። ከግርጌው ባለው ረግረግ መሬት ላይ ደግሞ ጨርሶ አይቆፈር፤ ውሃ የጠገበ አፈር ሌላ ውሃ አያሰርግም።

ጉደራ፦ ጋሼ፣ የእኛ ቦረቦር ራሱ ቆመ፣ ሣሩም በቀለ። አሁን የያዝነው ጠብ ነው። ቀበሌው ለተደራጁ ወጣቶች ሰጥቶት ነበር፤ የግራና የቀኝ የመሬት ባለ ደብተሮች ደግሞ የተናደው የእኛ ማሳ ነው፣ ሣሩም የእኛ ነው ይላሉ። ባለፈው ሌሊት ከብት ለቀውበታል።

መላሽ፦ ከድንጋዩ ሥራ ይልቅ ብዙ ቦረቦር ዳግም የሚከፈተው በዚህ ነው። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ፤ ስለዚህ ቀበሌው ለአንዱ ፈርዶ ቢሄድ የተሸነፈው ሌሊት ይመጣል። መስማማት የነበረባችሁ አንድም ሣር ሳይበቅል፣ ለጥል የሚያበቃ ነገር ሳይኖር ነበር። አሁንም ግን ይቻላል።

የተፋሰስ ኮሚቴው፣ ሽማግሌዎችና ሁለቱ ወገኖች በእግር ይዙሩና እያንዳንዱ ማሳ ከቦረቦሩ ጋር በስንት ሜትር እንደሚዋሰን በገመድ ይለኩ። ልኩ የሣሩ ድርሻ መነሻ ይሆናል። የወጣቶቹ ድርሻ በጉልበታቸው ይታሰብ፤ ክትር መጠገን፣ ችግኝ መተካት፣ መጠበቅ የእነሱ ሥራ ከሆነ ያ ሁሉ ዋጋ አለው። ሴቶች የሚመሩት ቤት ድርሻ እንዳይረሳ፣ እነሱ ሳይኖሩ የተጻፈ ደንብ ደጋግሞ ሲጥላቸው ይታያል። አጨዳው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ፣ ሣሩ ዘር ከጣለ በኋላ ይሁን፤ ከመሬት አንድ ጋት ያህል ተትቶ ይታጨድ። ከብት ግን አይግባ፣ አጭዶ ማብላት ብቻ ነው። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የአንድ በሬ ኮቴ ስንጥቅ ይጀምራል።

ቅጣቱ በደረጃ ይሁን፦ መጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ በእድሩ የተወሰነ ገንዘብ፣ ከዚያ የዓመቱን ድርሻ ማጣት። ገና ከጅምሩ ከባድ ቅጣት የሚጥል ደንብ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ስለማይጨክን ሥራ ላይ አይውልም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ከብቶቹ ወደ ውሃ የሚወርዱት በየት ነው?

ጉደራ፦ በዚያው ነበር፣ አሁን ታጥሯል።

መላሽ፦ እንግዲያው የሌሊቱ ምክንያት ግማሹ እሱ ነው። አጥሩን ከፍታችሁ 3 ሜትር ስፋት ያለው፣ በድንጋይ የተነጠፈ መሻገሪያ ሥሩ፤ ግራና ቀኙን በእሾህ እጠሩ። መሻገሪያው ከክትር በላይ ሳይሆን ከክትር በታች ባለው ጠንካራ ቦታ ይሁን። ከብት መንገድ የተከለከለበት ሥራ አይጸናም።

ከዋሽንግተን፦ የአካባቢያችን ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተናል፤ ለጋቢዮን፣ ድንጋይ ለሚሞላበት የሽቦ ሳጥን፣ ሽቦ ልንልክ ነው። ስንት ጥቅል ያስፈልጋል?

መላሽ፦ ሽቦ አትላኩ። ራሱ ሳይቆም ጋቢዮን ወለል ላይ ማስቀመጥ ከላይ እንዳልኩት ነው፤ ዋልካው ከሥሩ ይታጠብና ሳጥኑ ይዘምማል። ለመሰርሰሪያ፣ ለቱቦና ለሜትር፣ ለሣር ችግኝ ጣቢያ፣ ለንባብ ወሳጁና ለጠባቂው ክፍያ ላኩ። ጠባቂው ቢያንስ ሁለት ክረምት ይከፈለው፤ ሣሩ ሥር እስኪሰድ ያለው ክፉ ጊዜ ያ ነው። ገንዘቡም በተፋሰስ ኮሚቴው ስም ይግባ፣ ወጪው በስብሰባ ይነበብ።

ብርሃን፦ ይቅርታ፣ አሁን ይዤ መጥቻለሁ። ራሱ ላይ 4 ሜትር ይሆናል፣ ዋልካ ነው፣ ነሐሴ ላይ ከሥሩ ምንጭ ይፈልቃል።

መላሽ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን መነጋገር ይቻላል። 4 ሜትር ለእጅ ሥራ ጥልቅ ነው፤ ሰያፍ ሲቆረጥ ሰው ላይ ሊናድ ይችላልና በዘመቻ ሕዝብ አታስገቡበት። ዘንድሮ ዙሪያውን ከጠርዙ 5 ሜትር አርቃችሁ ከልሉ፣ ከብት አይድረስ፣ በተከለለውም ላይ ሣር ትከሉ። ከዋናው ግራና ቀኝ የሚገቡ ትናንሽ ቅርንጫፎች አይጠፉም፤ ከ3 ሜትር በታች የሆኑትን ራስ ለየብቻ፣ ከላይ በተጻፈው መንገድ ሥሩ። ለዋናው የወረዳውን መሐንዲስ ጥሩ፣ ምንጩን በጠጠር የተሞላ ቦይ ይዞ የሚያወጣ ሥራ ያስፈልገዋል። እስከዚያ ከራሱ በላይና በጎኑ ሦስት ቱቦ ቅበሩና ከሰኔ ጀምሮ መዝግቡ፤ መሐንዲሱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።