መልስ፦ የሆቴላችንን ግብ በቲምስ መከታተል

ጎንደር ፒያሳ ላለው ሆቴላችሁ የወር ግብ መከታተያ ቪቫ ጎልስ (የማይክሮሶፍት የግብ መከታተያ ሶፍትዌር) ይሻላል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እሱን እርሳው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ዘግቶታል። ቲምስ (የማይክሮሶፍት የሥራ መልእክት መለዋወጫ) ካላችሁ ሊስትስ (የማይክሮሶፍት የሠንጠረዥ መተግበሪያ) ይበቃችኋል። አንድ ሠንጠረዥ ክፈት። ግቡ፣ አሁን የደረሰበት ቁጥር፣ ኃላፊው፣ የመጨረሻ ቀኑ። አራት ዓምድ፣ አለቀ። ከዚያ ቲምስ ላይ ባለው ቻናላችሁ (የቡድናችሁ መወያያ ገጽ) እንደ ታብ ጨምረው፤ ሁሉም በስልኩ ያየዋል።

ዋናው ጣጣ ሶፍትዌሩ ሳይሆን የግቡ ብዛት ነው። እኔ አዘዞ ባለችው ትንሽ ሥራችን 14 ግብ ደርድሬ በሁለተኛው ሳምንት የሚሞላው ሰው ጠፋ። ወደ 3 ሳወርደው ነው ነፍስ የዘራው።

ደግሞ የጥርን የክፍል ሽያጭ ከሐምሌ ጋር እንዳታወዳድር። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ አልጋ ፍለጋ ስንት ሰው እንደሚንከራተት አንተው ታውቃለህ። ቀንሰናል አድገናል ለማለት ካለፈው ዓመት ጥር ጋር ነው ማስተያየት። ለዚህ «የአምናው» የሚል አምስተኛ ዓምድ ጨምር (አራት ይበቃል ያልኩትን ተወው)። ኔትወርክ ሲጠፋ ቁጥሩን ደብተር ላይ ያዙና ማታ አስገቡት።